አድራሻው ከመስኮቱ እንዳይሸሽ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ በሚገኝ የቁጠባና ብድር ማኅበር እሠራለሁ። የአባላት ሂሳብ መግለጫ ደብዳቤን ቴምፕሌት (ስም ያልገባበትን ናሙና) በፒዲኤፍ እንሰጣለን፤ ማተሚያ ቤቱ ከስም ዝርዝሩ ጋር አዋህዶ ያትማል፣ በማሽን አጥፎ ፖስታ ውስጥ ይከታል። ባለፈው ዙር የአንዳንዱ አባል አድራሻ ከፖስታው መስኮት ውጭ ቀረ፤ በአንዳንዱ ስም መሐልም ባዶ ሳጥን ወጣ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ አድራሻው። ዲኤል የሚባለው ረጅም ፖስታ 220 በ110 ሚሊ ሜትር ነው። ለሦስት የታጠፈ ኤፎር ወረቀት ደግሞ 210 በ99። ስለዚህ ደብዳቤው በጎን 10፣ በቁመት 11 ሚሊ ሜትር ይንሸራተታል። መስኮቱ 90 በ35 ሆኖ ከግራና ከታች 20 ሚሊ ሜትር ገባ ያለ ከሆነ፣ ደብዳቤው የትም ቢሄድ የማይሸፈነው ቦታ ከወረቀቱ ግራ ከ20 እስከ 100፣ ከላይ ከ55 እስከ 79 ሚሊ ሜትር ያለው ብቻ ነው። ስም ከነአያት፣ ፖ.ሣ.ቁ.፣ ድሬዳዋ፤ በ11 ነጥብ ፊደል በደንብ ይበቃል። ከላይ ከ44 እስከ 90፣ ከግራ ከ10 እስከ 110 ባለው ክልል ሌላ ጽሑፍ አያስገቡ፤ አለዚያ የአባሉ ቀሪ ሂሳብ በመስኮቱ ብቅ ይላል። የመስኮት ልክ ከፖስታ ፖስታ ስለሚለያይ የእናንተን በማስመሪያ ለክተው ስሌቱን ይድገሙት።

የገጹ መጠን በኤፎር ፈንታ ሌተር (የአሜሪካ የወረቀት ልክ፣ 216 በ279) ሆኖ ቀርቶ እንደሆነም ይዩ። ሲታተም «ፊት» (Fit፣ ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን) የሚለው ምርጫ ገጹን ስለሚያጠብ ወይም ስለሚያሰፋ አድራሻው ይሸሻል፤ «አክቹዋል ሳይዝ» (Actual size፣ በራሱ መጠን) ይባል።

ሳጥኑ የፎንት ጣጣ ነው። ፒዲኤፍ ሲዘጋጅ መጠኑ እንዳይበዛ አብዛኛውን ጊዜ ቴምፕሌቱ ላይ የተጻፉት ፊደላት ብቻ ይከተታሉ። ደብዳቤው ውስጥ «ኽ» ከሌለች ሙኽታር የሚለው ስም ሲገባ ፊደሏ የለችም። ለዚህ ነው ችግሩ አንዳንዱን ብቻ የሚመርጠው። በፒዲኤፉ የፎንት ዝርዝር ላይ «ኢምቤድድ» (Embedded፣ ተከትቷል) የሚለውን አይቶ መርካት አይበቃም፤ አጠገቡ «ሰብሴት» (Subset፣ ከፊሉ ብቻ) ካለ ፎንቱ ጎደሎ ነው። መፍትሔው ሙሉውን ፎንት መክተት፣ ወይም የፎንቱን ፋይል አብሮ መስጠት ነው። ኖቶ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ያለ ክፍያ የሚሰራጩ በመሆናቸው ለዚህ ይመቻሉ። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ያልሆኑትን የድሮ ፎንቶች ግን በስም ዝርዝሩ ውስጥም አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ኤክሴል ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፍነው ቀን ወርድ ላይ ሲዋሃድ ለምን ይገለባበጣል? (ከሐረር)

መልስ፦ ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። 12/10/2017 ብለው ሰኔ 12ን ሲጽፉ እንደ ፈረንጅ ቀን ይይዘዋል፤ ወርድ ደግሞ ወሩን አስቀድሞ 10/12/2017 ያደርገዋል። 30/2/2017 (ጥቅምት 30) ግን አይነካም፤ ፈረንጅ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ዓምዱን ከመሙላትዎ በፊት «ቴክስት» ያድርጉትና «ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብለው ይጻፉ። የብሩንም ዓምድ እንዲሁ፤ ካልሆነ 1,250.50 የነበረው 1250.5 ሆኖ ይታተማል።