አገር ቤት ስትገቡ የድብርት ኪኒናችሁን አታቋርጡ

ጥምቀት ሲቃረብ ስልኬ እረፍት የለውም። ከቢቸና፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላ የወጡ ልጆች ትኬት ቆርጠው ይደውሉልኛል። ስለ በዓሉ፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ስለሚደረገው የፈረስ ትርዒት እናወራለን። ከዚያ አንዳንዱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ጋሼ፣ የድብርት ኪኒና ጀምሬያለሁ። እናቴ እንዳታይ ልተወው?» ይለኛል።

ብዙ ዓመት ባሕር ማዶ መድኃኒት ቤት ስለሠራሁ ነው እኔን የሚጠይቁኝ። መልሴ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ያለ ሐኪምህ ምክር እንዳታቋርጠው።

እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት ሴሮቶኒን በሚባለው የአንጎል ኬሚካል ላይ ነው። ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራም፣ ኤሲታሎፕራምና ፓሮክሰቲን የታወቁት ናቸው። ለድብርት ብቻ ሳይሆን ለከባድ ጭንቀት፣ ድንገት ለሚመጣ የፍርሃት ውርጅብኝ፣ መከራ አይቶ ላለፈ ሰው የአእምሮ ጉዳትም ይታዘዛሉ። ለውጡ የሚሰማው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ሙሉ ጥቅሙ ከዚያም ይዘገያል። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና የእንቅልፍ መዛባት ይኖራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ግን በራሱ ላይለቅ ይችላል። አፍራችሁ አትደብቁት፤ ለሐኪም ከተነገረ መጠኑ ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። ከ25 ዓመት በታች ያለ ወጣት ደግሞ ሲጀምርና መጠኑ ሲለወጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊበረታበት ስለሚችል የቅርብ ሰው ይከታተለው።

አሁን ወደ ማቋረጡ ልመለስ። ኪኒናው ሱስ አያስይዝም። ሰውነት ግን ይለምደዋል። ድንገት ሲቀር ማዞር፣ ቅዠት፣ ብስጭት፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር የሚል ስሜት ይመጣል። ፓሮክሰቲን ላይ ይህ ይብሳል፤ ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ይሻላል። ትልቁ አደጋ ግን የሕመሙ መመለስ ነው። «ድኛለሁ» ካላችሁ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ያህል መቀጠል የተለመደ ምክር ነው። ከዚያም ሐኪሙ መጠኑን ጥቂት በጥቂት ይቀንሰዋል። ዘመድ በተሰበሰበበት ቤት፣ ለቅሶ ለመድረስም በምትሯሯጡበት ሳምንት የሚቋረጥ ነገር አይደለም።

ጾምና ጠበል ያስጨንቃችኋል፤ አውቃለሁ። አብዛኞቹ በቀን አንዴ ብቻ ስለሚወሰዱ ሰዓቱን ከጾም መፍቻ በኋላ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት አይወስድም የሚል ዘመድ ካለ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ለአእምሮ ሕመም ይህ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ባሕር ዳርና ዓባይ በረሃ ወባ አለ። መከላከያ ሲታዘዝላችሁ የድብርት ሕመም እንዳለባችሁ ንገሩ። ሜፍሎኪን የሚባለው አእምሮን ሊያውክ ስለሚችል ለእንዲህ ያለ ሰው አይሰጥም። ወባ ከያዛችሁ የሚታዘዘው ኮአርተም ደግሞ ከሲታሎፕራምና ከኤሲታሎፕራም ጋር የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ የምትወስዱትን ስሙን ጽፋችሁ ያዙ። ወገብ ሲያም «ትራማዶል ውሰድ» የሚል አይጠፋም። ከእነዚህ ኪኒናዎች ጋር ሲደረብ ሴሮቶኒን ከልክ በላይ ሊያሻቅብ፣ የሚጥል በሽታም ሊያስነሳ ይችላል። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገታተርና መቀባዠር አንድ ላይ ከመጡ የኪኒናውን ካርቶን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ከእነዚህ ኪኒናዎች ጋር ሲወሰዱ ጨጓራ የማድማት አደጋን ይጨምራሉ። አረቄውንም ተዉት። «አንዲት መለኪያ ብቻ» ሲሏችሁ «ሐኪም ከልክሎኛል» በሉ፤ ማንም አይቀየምም።

ባለፉት ዓመታት በጦርነቱ የተነሳ ጎጃም ውስጥ መንገድ ሲዘጋ አይተናል። ከቆይታችሁ በላይ የሚበቃ ኪኒና ከነካርቶኑና ከሐኪም ወረቀቱ ጋር በእጅ ሻንጣ ያዙ። የእናንተው ዓይነት ኪኒና በወረዳ ከተማ ፋርማሲ ላይገኝ ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። እህታችሁ ተኝታ የምትውል፣ የማትበላ ሆና ብታገኟት ከራሳችሁ ኪኒና ቆጥራችሁ አትስጧት። ያዘኑበት ሁሉ ድብርት አይደለም። ስሜትን ከድብርት ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት በሚያዋዥቀው ባይፖላር በሚባል ሕመም የምትቸገር ከሆነች ይህ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጣት ወደ ሌላው ጫፍ ሊወስዳት ይችላል፤ እንቅልፍ ያጣች፣ ያለ ልክ የምትናገር፣ ገንዘብ የምትበትን ትሆናለች። ይልቅ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዛችኋት ሂዱ። ፍሉኦክሰቲን አገር ውስጥ በሰፊው የሚታዘዝ ስለሆነ ከውጭ መላክ ላያስፈልግ ይችላል። ቀድሞ አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ተሰጥቷት እየወሰደች ከሆነ ለሐኪሙ ሳትናገሩ እንዳትወጡ፤ ፍሉኦክሰቲን ሲጨመርበት የአሚትሪፕቲሊን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ይልና ልብን ሊጎዳ ይችላል።