ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ላላችሁኝ ልጆች

የእህቴ የልጅ ልጅ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማራል። ሰሞኑን በቴሌግራም "አባባ፣ ፕሬዝዳንት የነበረ ሰው ከሕግ በላይ ነው እንዴ? ክፍል ውስጥ ስለ ትራምፕ ኬዝ ተጨቃጭቀን ግማሹ ሰው ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ዘጋው" ብሎ ጻፈልኝ። ለሱ ብቻ በድምፅ መልሼለት ልተወው ነበር፣ ግን ጥያቄው አንዲት የድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ነጋዴ አስታወሰኝና ሌሊቱን እሷን ሳስብ አደርኩ፣ ስለዚህ ለሱም ለጓደኞቹም ለሌሎቻችሁም ልጻፈው ብዬ ነው። ጠንክራችሁ ተማሩ፣ ጉቦ አትብሉ ምናምን የሚለውን አልደግምላችሁም፣ እሱን እናቶቻችሁም ነግረዋችኋል።

የአሜሪካኑ ነገር እንዲህ ነው። ትራምፕ የ2020ን ምርጫ ውጤት ለመቀልበስ ሞክሯል ተብሎ በልዩ ዐቃቤ ሕጉ በጃክ ስሚዝ በ4 ክስ የተከሰሰው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2023 ነው። ጠበቆቹ ፕሬዝዳንት ሆኖ ላደረገው አይከሰስም ብለው መቃወሚያ አነሱ። ዳኛዋ ታንያ ቸትካን አልተቀበለችውም፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ3 ዳኞች ሙሉ ድምፅ አልተቀበለውም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ጁላይ 1 ቀን 2024 በ6 ለ3 ሌላ ነገር ወሰነ። ሕገ መንግሥቱ ለፕሬዝዳንቱ ብቻ በሰጠው ዋና ስልጣን ላደረገው ጭራሽ አይከሰስም፣ በሌላው የስራ ድርጊቱ አይከሰስም ተብሎ ግምት ይወሰድለታል፣ ያንን ግምት ዐቃቤ ሕግ ከቻለ ያፍርሰው፣ በግሉ ላደረገው ግን እንደማንም ሰው ይከሰሳል አሉ። ከዛ የቱ የስራ የቱ የግል እንደሆነ ይለይ ብለው መዝገቡን ወደ ቸትካን መለሱት።

የስራ ነው የግል ነው የምትለዋ ጋ ስደርስ ያቺ ሴትዮ ድቅን አለችብኝ።

አዴ ነበር የምንላት። ገንደ ቆሬ ነው ቤቷ፣ ባሏ ሞቶባት ቀፊራ ሽንኩርትና ቃሪያ እየሸጠች ልጆች ታሳድጋለች። እኔ ያኔ ወጣት ጠበቃ ነኝ፣ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ሰው ሁሉ አሁንስ ፍርድ ቤት ይሰራል ብሎ ፋይል የሚከፍትበት ጊዜ ነበር። የአንድ መስሪያ ቤት ኃላፊ የነበረ ሰውዬ ወንበሩ ላይ እያለ በአንድ ደብዳቤ ግቢዋን ለሁለት ከፍሎ ግንብ አሳጥሮበታል፣ ለመንግስት ስራ ይፈለጋል ብሎ። በኋላ ግንቡ ውስጥ መጋዘን ተሰራ፣ መጋዘኑን የሚያከራየው ደግሞ የሰውዬው የሚስት ወንድም ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ከስልጣን ሲወርድ አዴ ጊዜ አላጠፋችም፣ በነጋታው ነው ማለት ይቻላል እኔጋ የመጣችው።

ወረቀቷን የምትይዘው በፌስታል ነው። ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ባሏ የከፈለው የቦታ ግብር ደረሰኝ አንድ በአንድ ተጣጥፎ አለ፣ አንበሳ ያለበት ማህተም፣ ጠርዙ ያለቀ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ስትዘረግፈው የሽንኩርት ልጣጭ አብሮት ይረግፋል። አንዲት ዓመት አልጎደለም። እኔ ከዛ በኋላ ስንት ባለሀብት ደንበኛ አይቻለሁ፣ እንደሷ ማስረጃውን አሟልቶ የያዘ አላጋጠመኝም።

ችሎት ቀረብን። የሰውዬው ጠበቃ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አነሳ፣ ደንበኛዬ ይህን ያደረገው በኃላፊነቱ ስለሆነ በግሉ ሊከሰስ አይገባም አለ። ዝም ብሎ የተባለ ነገር አይደለም፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 እና 2127 ላይ አለ፣ የመንግስት ሰራተኛ የስራ ጥፋትና የግል ጥፋት ተብሎ ይለያል፣ በቅን ልቦና ሰርቷል ተብሎም ግምት ይወሰድለታል፣ አይደለም ያለ ያስረዳ ነው የሚለው። እንግዲህ አዴ የሰውዬውን ልብ ታስረዳ ማለት ነው። ልቡ ያለው የመስሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ ነው፣ መስሪያ ቤቱ ደግሞ ፋይሉ አልተገኘም ብሎ ጻፈ። አዴ ይሄን ስትሰማ ከተቀመጠችበት ተነስታ "አንተ ልጅ፣ ግንቡን ስታስጠር እኔ በር ላይ ቆሜ አልነበረም ወይ?" አለችው፣ ዳኛው ተቀመጪ አላት። ሰውዬው አንገቱን ደፋ። ድሬ ላይ ሹምን አንተ ማለት ነውር አይደለም፣ ግን ያን ቀን ችሎቱ ጸጥ አለ።

ከዛ ቀጠሮ ጀመረ። ዳኛው ስልጠና ሄዷል፣ የተከሳሽ ጠበቃ ታሟል፣ መዝገቡ አልቀረበም፣ ይመርመርና ይቅረብ። ሁሌ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ናት፣ ፌስታሏን ይዛ፣ ከሁሉም ቀድማ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈና ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን ውድቅ አደረገው! እኔ በደስታ ልብረር፣ ሰውዬው ይግባኝ ብሎ እግድ ይዞ መጣ። በመሀል ሽማግሌዎች ቤቷ ሄዱ፣ ትንሽ ገንዘብ ቀረበላት፣ እርቁን ፈረመች። ትንሽ ብቻ ጠብቂ፣ ሕጉ እኮ ካንቺ ጋር ነው ብያት ነበር። "አንተ ደሞዝ አለህ፣ እኔ ችሎት በዋልኩ ቁጥር ሽንኩርቴ ይበሰብሳል" አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ቁጭቱ እስከዛሬ አለቀቀኝም። የተሸነፍን እንዳይመስላችሁ፣ አልተሸነፍንም። ያ ድርጊት የስራ ነበር ወይስ የግል የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ መዝገቡ ተዘጋ፣ መጋዘኑ ግን ከዛ በኋላም ሲከራይ ኖረ።

አሁን ወደ ትራምፕ ተመለሱ። ክሱ ሊሰማ የተቀጠረው ማርች 4 2024 ነበር፣ ይግባኙ ያንን በላው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲወስን ምርጫው 4 ወር ቀርቶት ነበር፣ ትራምፕ አሸነፈ፣ በስራ ላይ ያለ ፕሬዝዳንት አይከሰስም የሚል የፍትህ ሚኒስቴሩ የቆየ አቋም ስላለ ስሚዝ ራሱ ጠይቆ ኖቬምበር 25 ክሱ ተቋረጠ። የቱ የስራ የቱ የግል እንደሆነ አንድም ዳኛ ማስረጃ ሰምቶ እስከመጨረሻ ሳይለይ ቀረ። ኒውዮርክ ላይ በ34 ክስ ጥፋተኛ የተባለበትም ቢሆን ጃንዋሪ 10 2025 ያለ ምንም ቅጣት ነው የታለፈው። እናንተ ከሕግ በላይ ነው አይደለም እያላችሁ ትከራከራላችሁ፣ እኔ ግን ቀጠሮውን እዩት እላችኋለሁ። ድሮ ጀማሪዎችን ሳስተምር ጠበቃ ትዕግስት ይኑረው ነበር የምለው፣ አሁን ግን አዴን ሳስባት ያንን ምክር ለማን እንደሰጠሁት ግራ ይገባኛል።

የሚቀጥለውን ደግሞ በጥሞና አንብቡት፣ የዛሬ ልጆች ቲክቶክ ላይ ማስረጃ ሳይሰማ ፈርዳችሁ ስለምትጨርሱ ነው የምላችሁ። ሰማይ አይታረስ የተባለው ተረት ብቻ አልነበረም፣ ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ንጉሠ ነገሥቱ በጥፋት አይከሰሱም ይል ነበር፣ የ1948ቱ ሕገ መንግስትም አካላቸው ቅዱስ ነው ይላል። እና ጃንሆይ፣ የኛው የኤጀርሳ ጎሮ ተወላጅ፣ አልተከሰሱም። መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ተወሰዱ። ኅዳር 14 ደግሞ ወደ 60 የሚሆኑ ባለስልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የኔ አባት ያን ዜና በሬዲዮ ሲሰማ ሬዲዮኑን ዘግቶ ወደ ጓዳ ገባ፣ ማታ ራት አልበላም፣ የሚያውቀው ሰው አልነበረም እኮ ውስጣቸው። መሪን ፍርድ ቤት አያገኘውም ከተባለ ጠመንጃ ያገኘዋል፣ እኛ ይሄን አይተነዋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በዛው ሰሞን፣ ጳጉሜ 3 ቀን 1966፣ ፕሬዝዳንት ፎርድ ከሱ በፊት ፕሬዝዳንት የነበረውን ኒክሰንን ይቅርታ አደረገለት። የማይከሰስ ሰው ደግሞ ይቅርታ ምን ያደርግለታል? ያኔ ሁሉም ሊከሰስ እንደሚችል ያውቅ ነበር ማለት ነው።

መንግስቱ ኃይለማርያምም ሸሽቶ ዚምባብዌ ነው ያለው፣ ግን የሱና የደርግ ባለስልጣናት ክስ 1987 ላይ መሰማት ጀመረ። ተከሳሾቹ የአገር መሪዎች ነበርን ይሄ ፍርድ ቤት አይዳኘንም ብለው ነበር፣ ውድቅ ሆነባቸው። ፍርዱ የመጣው ታህሳስ 3 ቀን 1999 ነው፣ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ስንት ሰው ከበላብን ክረምት በኋላ ስለሆነ አልረሳውም፣ ከተማው ገና ሐዘን ላይ ነበር። 12 ዓመት ፈጀ። ስንቱ እናት ፍርዱን ሳትሰማ ሞተች። ቢሆንም ጥያቄው ተመለሰ፣ በጽሁፍ፣ ማስረጃ ተሰምቶ።

የእህቴ የልጅ ልጅ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሮበርትስ የጻፈውን ውሳኔም የዳኛ ሶቶማዮርን ተቃውሞም አንብቦ ነው የጠየቀኝ፣ ስለዚህ ስለ ቲክቶክ ያልኩት እሱን አይመለከትም፣ ምናልባት ብዙዎቻችሁንም አይመለከትም። የሱ ሐሳብ መሪ ነገ እከሰሳለሁ ብሎ ከፈራ ቆራጥ ውሳኔ አይወስንም የሚል ነው። የወረደ ሁሉ የሚታሰርበት አገር ላይ ላደገ ልጅ ይሄ ፍርሃት ይገባኛል። የማልስማማው ማስረጃው ላይ ነው፣ የማይከሰስበትን የስራ ድርጊት ለሌላው ክስ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብም አይቻልም ብለዋል ዳኞቹ፣ እሱማ ያው የጠፋው ፋይል ነው፣ አዴ የሰውዬውን ልብ ከየት አምጥታ ታሳይ ነበር?

ዳኛ የምትሆኑ ልጆች፣ አልከሰስም የሚል መቃወሚያ ሲቀርብላችሁ ከሌላው ሁሉ አስቀድማችሁ ወስኑት፣ የምትወስኑበትን ቀን እዛው ችሎት ላይ መዝገቡ ላይ ጻፉ፣ ያንን ቀን አታሳልፉ። ጠበቃ የምትሆኑም ይጻፍልኝ በሉ፣ የዛኛው ወገን ጠበቃ ካኮረፈ ያኩርፍ።