የሚሳብ አንግል የሚፈተነው በጫፉ ነው

ጅማ ውስጥ የቡና መጋዘን ጣሪያ የሚሠሩ አንባቢያችን ለሰያፍ ማጠንከሪያው 60 በ60 በ6 ሚሊ ሜትር አንግል (ሁለት ክንፍ ያለው የኤል ቅርጽ ብረት) መርጠዋል። መሐንዲሱ የሰጣቸው የመሳብ ኃይል፣ የደኅንነት ማባዣው ተጨምሮበት፣ 100 ኪሎ ኒውተን ነው፤ እርሳቸውም የአንግሉን 691 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት በኤስ 235 ብረት ጥንካሬ (በካሬ ሚሊ ሜትር 235 ኒውተን) አባዝተው 162 ኪሎ ኒውተን በማግኘታቸው ከበቂ በላይ ነው ብለዋል። ከጫፉ 40 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ በ45 ሚሊ ሜትር ርቀት፣ ሁለት ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቡሎን ታስቦለታል። ሠራተኞቹ በበኩላቸው ለመተማመኛ ዙሪያውንም እንበይደው ይላሉ፤ ቀዳዳው ግን ገና አልተበሳም።

ገና አለመበሳቱ መልካም ሆነ። ስሌትዎ ለአንግሉ መሐል ትክክል ቢሆንም ጫፉን አይመለከትም። ባለ 16 ቡሎን የ18 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ የተያዘው አንዱ ክንፍ ብቻ ስለሆነ ነፃው ክንፍ ኃይሉን የሚቀበለው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በአገራችን የሚሠራበት የብረት ሥራ ንድፍ ደንብ፣ ኢኤስ ኢኤን 1993፣ ቀዳዳው ተቀንሶ ከሚቀረው ስፋት፣ የቡሎኖቹ ርቀት 45 ሲሆን 40 በመቶውን፣ 90 ሲሆን ደግሞ 70 በመቶውን ብቻ እንድንቆጥር ያዛል። በእርስዎ አሠራር ውጤቱ 67 ኪሎ ኒውተን ይሆናል።

ከዚህም የባሰ አለ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የተገነጠለ አንግል በእጄ ይዤ አይቻለሁ፦ ስንጥቁ በሁለቱ ቀዳዳዎች መስመር እስከ ጫፉ ተጉዞ፣ ከውስጠኛው ቀዳዳ ወደ ጠርዙ ታጥፎ፣ አንድ ቁራጭ እንዳለ ወጥቷል፤ ቡሎኖቹ ግን አንዳች አልሆኑም ነበር። ቀዳዳዎቹ ከጠርዙ 25 ሚሊ ሜትር ላይ ቢበሱ የእርስዎ አንግል ለዚህ ዓይነቱ መገንጠል ያለው አቅም 61 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው። የቡሎኖቹን ርቀት 90፣ የጫፉን 55 ሚሊ ሜትር ቢያደርጉት፣ ቡሎኖቹም የጥንካሬ ደረጃቸው 8.8 ቢሆን፣ ያው አንግል ወደ 110 ገደማ ይችላል። ይህን ከመረጡ ማያያዣው ላሜራ ረዘም ማለት አለበት፤ ቀዳዳውም በትራፓኖ ይበሳ እንጂ በእሳት አይቃጠል።

ቡሎንና ብየዳን ደርቦ አቅማቸውን መደመር ግን አይቻልም። ቡሎኑ በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ እስኪንሸራተት ድረስ ብየዳው አይጠብቀውም፤ ኃይሉን ሁሉ አስቀድሞ ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።

እኔ ብሆን ቡሎኑን ትቼ እበይደው ነበር፤ የታሰበው ላሜራ 125 ሚሊ ሜትር ያህል መደራረቢያ ስላለው ይበቃልና። የብየዳው ውፍረት በጉሮሮው (ከሥሩ እስከ ፊቱ ባለው አጭሩ ርቀት) 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ርዝመት 620 ኒውተን ገደማ ይይዛል። የኃይሉ መሐል ከአንግሉ ማዕዘን 17 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ በማዕዘኑ በኩል 125፣ በክንፉ ጠርዝ በኩል 55 ሚሊ ሜትር ይበየድ፤ የመነሻና የማብቂያው ጉድለት በዚህ ውስጥ ታስቧል። የላሜራውን አቅም መሐንዲሱ ያረጋግጥ። ብየዳው ከጸዳ በኋላ፣ የጅማ ዝናብ ረጅም ነውና፣ ውኃ በአንግሉና በላሜራው መካከል እንዳይገባ ክፍት የቀረውን ጠርዝ ሁሉ ሞልተው ጸረ ዝገት ይቀቡት።