መልስ፦ ኪው ለምን ኔጋቲቭ ወጣ?

ወንድሜ፣ ያልተፖላራይዘ (በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚርገበገብ) የፀሐይ ብርሃንን በሬይሊ ማትሪክስ (የአየር ሞለኪውሎች ብርሃንን ሲበትኑ የሚሆነውን በሚያሰላው የቁጥሮች ሰንጠረዥ) አባዝተህ ኪው ኔጋቲቭ ስለወጣብህ «የቱ ጋ ተሳሳትኩ?» ብለሃል። አልተሳሳትክም።

የፊዚክስ ሊቁ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 የብርሃንን ፖላራይዜሽን ለመግለጽ ካስቀመጣቸው አራት ቁጥሮች (አይ፣ ኪው፣ ዩ፣ ቪ) አይ ጠቅላላ ጥንካሬው ስለሆነ ከዜሮ አይወርድም። ኪው ግን ልዩነት ነው፦ ከብተናው ጠለል ጋር በትይዩ ከሚርገበገበው ላይ ቀጤ ነክ ሆኖ የሚርገበገበው ሲቀነስ። ጠለሉ ፀሐይን፣ ሞለኪውሉንና ዓይንህን የያዘው ነው። ትይዩው ክፍል በብተናው አንግል (ብርሃኑ ከመጣበት መስመር በታጠፈበት) ኮሳይን ስኩዌር ይቀንሳል፣ ቀጤ ነኩ ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ ቀጤ ነኩ ይበልጣል፣ ኪውም ኔጋቲቭ ይሆናል። ብዙ ሰው ምልክቱን እንደ ስህተት አይቶ ይሰርዘዋል፤ እባክህ አንተ አትሰርዘው፣ አቅጣጫውን የሚነግርህ እሱ ነው።

በቁጥር እንየው። በ60 ዲግሪ ሳይን ስኩዌር 0.75፣ 1 ሲደመር ኮሳይን ስኩዌር 1.25 ነው። ሲካፈሉ 0.6፣ ማለትም 60 በመቶ ፖላራይዝድ። በ90 ዲግሪ 100 በመቶ ይሆናል። ዩ እና ቪ እዚህ ዜሮ ናቸው።

ጎንደር ስላለህ ደግሞ በዓይንህ እየው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ፋሲል ግቢ አካባቢ ቆመህ የፖላራይዝድ መነጽር ወደ አናትህ አቅጣጫ (ያኔ ከፀሐይ 90 ዲግሪ ገደማ ነው) ይዘህ ቀስ ብለህ አዙረው። ሰማዩ ሲጠቁርና ሲፈካ ታያለህ። ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም፤ ብርሃኑ ደጋግሞ ስለሚበተን፣ በበጋ ደግሞ አቧራና ጭስ ስለሚጨመርበት 100 በመቶ አይደርስም።

ፀሐይዋን ራሷን በመነጽሩ እንዳታያት አደራ።