ኤጀንቱ ከነገርኩት በላይ ያወጣል፤ እንዴት ልያዘው?

"ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ ለውጭ አገር ደንበኛ እሠራለሁ። የሠራሁት የኤአይ ኤጀንት (በራሱ ሥራ የሚያከናውን ፕሮግራም) ዳታ ከሚሸጡ ኤፒአዮች (ፕሮግራሞች መረጃ ከሚጠይቁባቸው አገልግሎቶች) መረጃ ይገዛል። በኤክስ402 (ፕሮግራሞች በኢንተርኔት የሚከፍሉበት ሥርዓት)፣ ከደንበኛዬ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) በዩኤስዲሲ፣ ማለትም ዋጋው ከዶላር ጋር በታሰረ ክሪፕቶ፣ ይከፍላል። ፕሮምፕቱ (የምጽፍለት መመሪያ) ላይ 'ከ5 ዶላር አትለፍ' ብዬዋለሁ። ባለፈው ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ 40 ዶላር አውጥቶ አገኘሁት። ምን ላድርግ?"

ወንድሜ፣ ፕሮምፕት ላይ የጻፍከው ልመና ነው። አንድ የኤፒአይ ጥሪ እምቢ ካለው ኤጀንቱ ደጋግሞ ይሞክራል፤ በየሙከራው ሊከፍል ይችላል። የሚያነበው ገጽ ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝም ያሳስተዋል። ኤጀንቱ የሚሠራበት ሰርቨር ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ያንተ መብራት ሲሄድ እሱ ሥራውን አያቆምም። ገደቡ ገንዘቡ ላይ ይሁን።

ለእያንዳንዱ ሥራ አዲስ ዋሌት ክፈት፤ 5 ዶላር ብቻ ይግባበት። ሲያልቅ ኤጀንቱ ይቆማል። ዩኤስዲሲ 6 የአስርዮሽ ቤት ስላለው 5 ዶላር ኮድህ ውስጥ 5000000 ነው። እንደ ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) በ18 ቤት እንዳታሰላው።

አደራ የምልህ ግን የዋናውን ዋሌት ቁልፍ (ገንዘቡን ለማውጣት የሚያስችለውን ሚስጥራዊ ኮድ) ነው። ብዙ ሰው ጊዜያዊ ዋሌት ይከፍትና "ሲያልቅ ራሱ ይሙላ" ብሎ ዋናውን ቁልፍ እዚያው ሰርቨር ላይ፣ ኢኤንቪ ፋይል (የፕሮግራሙ ሚስጥሮች የሚቀመጡበት) ውስጥ ይተወዋል። ኤጀንትህ ትእዛዝ ማስኬድ ከቻለ ያንን ፋይል ያነበዋል። እንዲህ ከሆነ ገደብ የለህም። ጊዜያዊው የራሱ አዲስ ቁልፍ ይኑረው፤ የሚሞላውም ሰው በእጁ ይሁን።

ያ ሰው ደንበኛህ ቢሆን እመርጣለሁ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አሳስቧል። ዩኤስዲሲ ከሰው እየገዛህ መሙላት ውስጥ አትግባ። ደንበኛህ በአገሩ ይሙላ፣ የተረፈውም ወደ እሱ ይመለስ። ያንተ ክፍያ በባንክ ይምጣ።

የተረፈውን መመለስ ላይ ብዙዎች ይቸገራሉ። በኤክስ402 ኤጀንቱ ይፈርማል እንጂ ጋዙን (የኔትወርክ ክፍያውን) አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ፋሲሊቴተሩ፣ ማለትም ክፍያውን አረጋግጦ ወደ ኔትወርኩ የሚልከው አገልግሎት ነው። ዋሌቱ ውስጥ ኢተር ባይኖርም ክፍያው ይሄዳል። ቀሪውን በተራ ትራንስፈር ልመልስ ስትል ግን ጋዝ ትጠየቃለህ። ቤዝ የሚባለው ኔትወርክ ላይ ከሆንክ ትንሽ ኢተር ቀድሞ ይግባበት። ሒሳቡ ዜሮ መሆኑን ኤክስፕሎረር (የዋሌት ሒሳብ የሚታይበት ድረ ገጽ) ላይ ሳታይ ደግሞ ቁልፉን አታጥፋ፤ ቁልፉ ከጠፋ ቀሪው እዚያው ቀረ።

አንድ ልጨምር፦ ሻጩ ሰርቨር ዋጋውን በ402 ('ክፍያ ያስፈልጋል' በሚለው) መልሱ ላይ ይነግርሃል። ከመፈረሙ በፊት ኮድህ ይየው። ለአንድ ጥሪ ካስቀመጥከው ጣሪያ፣ ለምሳሌ ከ0.05 ዶላር፣ በላይ ከሆነ ሳይፈርም ይለፈው።