ዚፕ ተበላሸ ሲባል የሚበላሸው ምኑ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአሥር ዓመት ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳው ዚፕ ከኋላው እየተከፈለ አስቸገረው። ተቀምጦ ሲያገላብጠው ቆየና፣ «እማዬ፣ መንጠቆ የለው፣ ሙጫ የለው፣ እንዴት ነው የሚያያዘው? ማንስ ፈጠረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስከፍተውና ስዘጋው ኖሬ መልስ አጣሁ። ቦርሳውስ ይድናል ወይስ ልጣለው?
*የአሥር ዓመት ልጅ እናት*

መልስ፦ እህቴ፣ ቦርሳውን አይጣሉት። ስለ ጥገናው እመለስበታለሁ፤ የልጁ ጥያቄ ግን ይቅደም። የእጅ ሥራ ሳስተምር በኖርኩባቸው ሠላሳ ዓመታት የመጀመሪያው ትምህርቴ ይኸው ነበር። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አሮጌ የብረት ዚፕ እሰጣለሁ፤ ለሁለት ተማሪ አንድ ማጉያ መነጽር ይደርሳል። ሲንጫጫ የነበረው ክፍል በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል።

እርስዎም ከልጅዎ ጋር ዚፑን ከፍታችሁ አንዱን ጥርስ ለብቻው ተመልከቱት። በአንድ ፊቱ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል እብጠት አለችው። በሌላው ፊቱ ደግሞ ያንኑ የሚያህል ጎድጓዳ አለው። የግራና የቀኝ ጥርሶች ፊት ለፊት የተተከሉ አይደሉም፤ አንዱ ጥርስ የሚያርፈው ከማዶ ባሉት በሁለቱ መካከል ነው። ሲዘጋ የአንዱ እብጠት በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ ትተኛለች፤ ከዚያ በኋላ ግራና ቀኝ ቢጎትቱት አይላቀቅም። ታዲያ እንዴት ገባ? ሚስጥሩ ያለው ጨርቁ ላይ ነው። ጨርቁ ጎበጥ ሲል በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ የማዶው ጥርስ ይገባል፣ ጨርቁ ሲቃና ክፍተቱ ተመልሶ ይጠብና እንደያዘው ይቀራል።

ጨርቁን የሚያጎብጠውና የሚያቃናው የምንጎትተው የዚፑ ራስ ነው። ውስጡ እንደ ባላ ነው፤ በሁለት በር የገቡት ጥርሶች በአንድ በር ይወጣሉ። በሁለቱ በሮች መካከል ትንሽ ሽብልቅ አለች። ወደ ኋላ ስንመልሰው ጥርሶቹን ፈልቅቃ የምትለያቸው እርሷ ናት። ልጅዎ መንጠቆ ፈልጎ ያጣው ለዚህ ነው፤ መንጠቆ የለም፣ ማዕዘን ነው ያለው።

ማን ፈጠረው ለሚለው አንድ ስም ብቻ ብሰጥ ልጁን መዋሸት ይሆንብኛል። በልብስ ስፌት መኪና የሚታወቀው ኤሊያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1851 ለዚህ የሚቀርብ ሐሳብ በፓተንት አስመዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን አልገፋበትም። በ1893 ደግሞ ዊትኮምብ ጃድሰን የተባለ አሜሪካዊ ለጫማ ማሰሪያ የሚሆን መቆለፊያ አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመት በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም አቀረበው። የጃድሰን ሥራ ግን መንጠቆና ቀለበት ነበር። ይነክሳል፣ በማይጠበቅበት ሰዓትም ይበረገዳል። ልብስ ላይ የሚውል ነገር በሰው ፊት ከተከፈተ ማን ደግሞ ይገዛዋል? ጃድሰን ፈጠራው ሰምሮ ሳያይ በ1909 ሞተ።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ጌዲዮን ሰንድባክን ነው። በስዊድን የተወለደ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሲሆን፣ ይህንኑ አልሆን ያለ መቆለፊያ በሚሠራው ፋብሪካ የተቀጠረው በ1906 ነበር። የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ልጅ አገባ፤ በ1911 ባለቤቱ ሞተችበት። ከዚያ ሐዘን በኋላ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ሠራ፣ በ1913 መጨረሻም መንጠቆውን እርግፍ አድርጎ ትቶ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ጥርስ ተከለ። ቀድሞ በአንድ ኢንች ውስጥ አራት ብቻ የነበሩትን ጥርሶች ወደ አሥር አበዛቸው። ፓተንቱን በ1917 አገኘ። እብጠቷንና ጎድጓዳዋን ከሽቦ ላይ ቀጥቅጦ፣ ጥርሱን ቆርጦ ጨርቁ ላይ የሚያጣብቀውን ማሽንም የሠራው እርሱ ነው። ማሽኑ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ከአንድ ጥሩ ናሙና አያልፍም ነበር ብዬ አምናለሁ። «ዚፐር» የሚለው ስም የመጣው በ1923 ጉድሪች የተባለው የጎማ ኩባንያ በቦት ጫማዎቹ ላይ ሲጠቀምበት ነው፤ ሲጎተት ከሚያሰማው ድምፅ የተወሰደ ነው።

አሁን ወደ ቦርሳው። ዚፑ የሚከፈለው ራሱ ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ጥርሶቹ ጤነኞች ናቸው። የላላው ራሱ ነው፤ ከብዛት ጉተታ አፉ ስለሚከፈት ጥርሶቹን አጥብቆ አይጫናቸውም። ራሱን ዚፑ እስከ መጨረሻው ወደሚከፈትበት ጫፍ ይመልሱት። ጥርሶቹ ተያይዘው በሚወጡበት በኩል ያሉትን ሁለት ጠርዞች በፒንሳ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ቀስ አድርገው ይጫኑ። ጥቂት ብቻ! አብዝተው ከጨፈለቁት ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ይዘጉና ይሞክሩት፤ አሁንም ከተከፈለ በድጋሚ በትንሹ ይጫኑ። ከዚያም ጥርሶቹን በሻማ ቁራጭ ወይም በእርሳስ ጫፍ ያሹአቸው፤ ይለሰልሳሉ። ጥርስ ከረገፈ ግን ፒንሳ አያድነውም፤ ዚፑ በሙሉ መቀየር አለበት።

የአባቴ ጃኬት «ዚፑ ሞቷል» ተብሎ የተጣለው እኔ የልጅዎ እኩያ ሳለሁ ነበር። የላላው ራሱ ብቻ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ከቤት ርቄ ስመለስ የማልጠቀምበት መታጠቢያ ክፍል በመጥፎ ሽታ ተሞልቶ አገኘሁት። የጠራሁት ሰው ቧንቧው ከግድግዳው ውስጥ ተሰብሯልና ግድግዳው ይፍረስ አለኝ። ምን ይመክሩኛል?
*ግድግዳው ያሳሰበው*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግድግዳውን ከመንካትዎ በፊት በእጅ መታጠቢያውና በወለሉ ቀዳዳ አንድ አንድ ባልዲ ውኃ ያፍስሱ፣ መስኮት ይክፈቱና እስከ ነገ ይጠብቁ።

ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብለው ቢያዩ ቧንቧው ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ የሚታጠፍበት ቦታ አለ፤ ሲፎን የምንለው ነው። እጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ውኃ ይቀራል። ከፍሳሽ መስመር የሚመጣውን ጋዝ የሚያግደው ያ እፍኝ የማይሞላ ውኃ ብቻ ነው። ሁለት ወር ካልተነካ ይተናል፣ በሩም ወለል ብሎ ይከፈታል።

ይህን እጥፋት ለመጸዳጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1775 በፓተንት ያስመዘገበው አሌክሳንደር ካሚንግ ሙያው ሰዓት ሠሪነት ነበር። ከእርሱ በፊት፣ በ1596፣ ጆን ሃሪንግተን በውኃ የሚታጠብ መጸዳጃ ሠርቶ የክርስትና እናቱ ለነበረችው ለንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት አቅርቦ ነበር። ውኃ የሚዘጋው እጥፋት ስላልነበረው ሽታው ተመልሶ ይወጣ ነበር። አንዲት የቧንቧ መታጠፊያ የስንቱን ቤት አየር እንደምትጠብቅ ሳስብ፣ ለዚያ ሰዓት ሠሪ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ሽታው ከጠፋ ነገሩ አበቃ። ወደፊት ርቀው ሲሄዱ፣ ውኃውን ካፈሰሱ በኋላ ከላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ ያድርጉበት፤ ትነቱን ያዘገያል። ውኃ እያለበትም ከሸተተ ግን ሌላ ባለሙያ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ የእስክሪብቶ ክዳን ቀለሙ እንዳይደርቅ ከሆነ የተሠራው፣ ጫፉ ላይ ለምን ቀዳዳ ይተዉበታል?
*የስምንተኛ ክፍል ተማሪ*

መልስ፦ ልጄ፣ ጥሩ አድርገህ አይተሃል። ቀዳዳው ለቀለሙ ሳይሆን ለሰው ነው። ክዳን የሚያኝክ ልጅ ድንገት ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢቀር፣ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ በዚያች ቀዳዳ ጥቂት አየር እንዲያልፍ ታስቦ ነው። ሁልጊዜ ያድናል ማለት አይደለምና ክዳን አፍህ ውስጥ አታስገባ።

ቀለሙንማ ከመድረቅ የሚጠብቀው ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ናት። ላስሎ ቢሮ የተባለው የሃንጋሪ ጋዜጠኛ የጋዜጣ ቀለም ቶሎ እንደሚደርቅ አይቶ ያንን ዓይነት ቀለም በብዕር ቢሞክረው ወፍራም ስለሆነ አልወርድ አለው። ኬሚስትሪ ከሚያውቀው ወንድሙ ጋር ሆኖ ወፍራሙን ቀለም እየተንከባለለች የምታወጣ ኳስ አስተካከለ፣ እ.ኤ.አ. በ1938ም አስመዘገበው። በኋላ ወደ አርጀንቲና ተሰደደ። እዚያ እስክሪብቶ ዛሬም ከስሙ በተወሰደ ቃል «ቢሮሜ» ይባላል፤ የተወለደበት ሴፕቴምበር 29 (በእኛ መስከረም 19) ቀንም የፈጠራ ሰዎች ቀን ሆኖ ይከበራል።