ምርመራው ደህና ነው ተባልኩ፣ ህመሙ ግን አልተወኝም

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። 43 አመቴ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምሰራው። ወገቤን ማመም ከጀመረኝ 2 አመት አለፈ፣ አሁን ደግሞ ወደ ትከሻዬና ወደ አንገቴ ወጥቷል። ራጅ ተነሳሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ ኤምአርአይ ላይ ትንሽ ዲስክ ወጣ ብሏል ግን ይሄን ያህል የሚያሳምም አይደለም አሉኝ። አንዱ ሀኪም ጭንቀት ነው ብሎ ሸኘኝ። ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ በየቀኑ በሚባል ደረጃ እወስዳለሁ፣ ሌሊት ከ4 ሰአት በላይ አልተኛም። ቤተሰቦቼም አሁን አሁን የሚያምኑኝ አይመስለኝም። እውነት ህመሙን እኔው ነኝ እንዴ የፈጠርኩት?

መልስ፦ እህቴ፣ ህመሙ እውነት ነው፣ እርሶም አልፈጠሩትም። ይሄን ላፅናናዎት ብዬ ብቻ አይደለም የምለው፣ ህክምናው ራሱ ከዚህ ስለሚጀምር ነው፣ አላምን ያለውን ሁሉ ለማስረዳት ሲታገል የሚውል ሰው ጡንቻው ተወጥሮ ነው የሚመሸው። ጭንቀት ያለበት ሊሆን ይችላል ግን ጭንቀት ነው ብሎ መሸኘት ህክምና አይደለም፣ እንደ ሀኪም በጣም ያሳዝነኛል።

ዲስኩን፣ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ ያለውን ነገር በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሰበሰበ ስራ አለ፣ ወገባቸውን ጭራሽ ከማያማቸው የ40 አመት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይታያል ይላል። ስለዚህ ኤምአርአዩ ላይ የተፃፈው ነገር እንደ ሽበት የእድሜ ሊሆን ይችላል፣ ወገቤ ተበላሽቷል ብለው እንዳይደመድሙ።

ታድያ ህመሙ ከየት መጣ? ክርናችን ግድግዳ ሲመታው ሳናስበው እጃችን ሄዶ ያሸዋል አይደል፣ ሲታሽ ደግሞ ቀለል ይላል፣ የተመታው ቦታ ግን ያው ነው። የህመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 አከርካሪ ውስጥ እንደ በር የሚሰራ ነገር አለ አሉ፣ የህመም መልእክት ወደ አንጎል ሲሄድ እዛ ጋ ወይ በርከት ብሎ ያልፋል ወይ ይቀነሳል። ዝርዝሩ ከዛ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፣ ዋናው ሀሳብ ግን ቆሟል። እና በሩን የሚያጠብበው ማሸት ብቻ አይደለም፣ በቂ እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴ፣ የልብ መረጋጋትም ያጠብቡታል፣ እንቅልፍ ማጣትና ፍርሀት ደግሞ ወለል አድርገው ይከፍቱታል። ህመም ከ3 ወር ሲያልፍ ስር የሰደደ እንለዋለን፣ እዚህ ሲደርስ ነርቮቹ ራሳቸው ይቆጣሉ፣ ድሮ የማያም ነገር ያማል፣ አንድ ቦታ የነበረው ይሰፋል፣ የእርሶም ወደ ትከሻ መውጣቱ በዚህ ሊሆን ይችላል።

አንዲት ታካሚዬ ትዝ ትለኛለች። እስክሪብቶ ወድቆባት ልታነሳ ስትል አየኋት፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ ወገቧን እንደ እንጨት አድርቃ በጉልበቷ ብቻ ወረደች። ዲስኬ ይበጠሳል ብላ ከፈራች ጀምሮ አጎንብሳ አታውቅም። ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር ሆነን ትንፋሿን እያወጣች መጀመሪያ ወንበር ላይ ያለ ነገር፣ ቀጥሎ በርጩማ ላይ ያለ፣ ከዛ መሬት ላይ ያለ ማንሳት ተለማመደች፣ ወራት ፈጀ። ህመሙ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ግን ልጇን አቅፋ ማንሳት ጀመረች።

ለእርሶ እኔ ብሆን ከእንቅልፉ ነው የምጀምረው፣ 4 ሰአት ለሚተኛ ሰው የትኛውም መድሀኒት በደንብ አይሰራለትም። ምንም ይሁን ምን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰአት ይነሱ፣ ስልኩ ከአልጋው ይራቅ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለ እየተገላበጡ ከመታገል ተነስተው ደብዘዝ ያለ ብርሀን ላይ ይቀመጡና ሲያንቀላፉ ይመለሱ። እንቅስቃሴውን ደግሞ በህመሙ ሳይሆን በሰአት ይለኩት፣ ማለት ዛሬ ደህና ነኝ ብለው የሳምንት ስራ በአንድ ቀን ጨርሰው 3 ቀን መተኛት ሳይሆን በጥሩውም በመጥፎውም ቀን 10 ደቂቃ መራመድ፣ በየሳምንቱ ትንሽ መጨመር። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊያምዎት ይችላል፣ ተጎዳሁ ማለት አይደለም። የወገብ ቀበቶ ልግዛ ካሉ ይቅርብዎት፣ የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ስር ለሰደደ የወገብ ህመም አይመክረውም።

ዳይክሎፌናኩ ያሳስበኛል። በየቀኑ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊትም ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ በቅርቡ ሀኪም ጋ ሄደው ግፊትዎንና ኩላሊትዎን ይታዩ፣ አወሳሰዱንም አብራችሁ ቀንሱት። ነርቮቹን የሚያረጋጉ ሌሎች መድሀኒቶች አሉ፣ ለምሳሌ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ማታ ማታ ለአንዳንድ ሰው ይታዘዛል፣ የድብርት መድሀኒት ነው ተብሎ ቢነገርዎት እንዳይደነግጡ፣ ለህመምም ስለሚሰጥ ነው። ግን ደግሞ በሀቅ ራስዎን ይጠይቁ፣ ድሮ ደስ ይልዎት የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልዎታል? ካልሆነ ለሀኪሙ ይንገሩት፣ ድብርት ካለ ህመሙን ያባብሰዋል፣ የምክር ህክምናም ይረዳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እግርዎ ከደከመ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ በጭንና በመቀመጫ መሀል ከደነዘዘዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ያንኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ትኩሳት ወይ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ ካለም ሳይቆዩ ይታዩ።

ስለ ቤተሰብዎ ደግሞ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አንዳቸውን ይዘው ይሂዱና ሀኪሙ እርሶ ባሉበት እንዲያስረዳቸው ይጠይቁት፣ ቤት ውስጥ ብቻዎትን ለማሳመን መታገሉ ይቀርልዎታል።